ከ390 የተነሣው ግራፍ

መግቢያ ከማስቀደሜ በፊት ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አንድ ጊዜ እዩልኝ። ሁለት ባሮች ናቸው፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ። እያንዳንዳቸው አንድ የሊኑክስ ዲስትሮ ይወክላሉ። የተለካው የሊኑክስን ከርነል ከምንጭ ኮዱ ኮምፓይል ለማድረግ የፈጀው ጊዜ ስለሆነ ያሸነፈው አጭሩ ባር ነው። ቀዩ የሰማያዊውን ሦስት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ከፊት የተቀመጣችሁት ወዲያው ፈርዳችኋል፤ ከፊታችሁ አንብቤዋለሁ።

አሁን ደግሞ ከባሮቹ ግርጌ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 390 ይላል። ዜሮ አይደለም። ሰማያዊው የፈጀበት 398 ሴኮንድ ነው፣ ቀዩ 412። በመካከላቸው ያለው 14 ሴኮንድ፣ ማለትም ከመቶ 3.5 ገደማ ነው። ዓይናችሁ ያየው ግን ቁመቱ 8 የሆነ ባርና ቁመቱ 22 የሆነ ባር ነው። ሁለቱ የሚጋሩት 390 ከወለሉ በታች ተቀብሯል።

ይህን ግራፍ የሠራሁት እኔ ነኝ። ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ ለሥልጠና ክፍሉ ኮምፒውተሮች የትኛው ዲስትሮ ይሻላል ተብዬ ተጠየቅሁ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ለካሁ፣ ሣልሁ፣ አቀረብሁ። ቀዩ ተጭኖባቸው የነበሩት ማሽኖች በሙሉ ተደምስሰው በሰማያዊው ተተኩ። ሁለት ቴክኒሻኖች ቅዳሜና እሑዳቸውን እዚያ ክፍል ውስጥ ጨረሱ። የዲስትሮዎቹን ስም ዛሬም አልናገርም፤ በአንድ ላፕቶፕ የተገኘ ቁጥር የብዙ ሰው ልፋት የፈሰሰበትን ሥራ ስም ሊያጎድፍ አይገባም። ሥዕሉን ይዤው የመጣሁት ልነግራችሁ የምፈልጋቸው ስሕተቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም እሱ ላይ ስላሉ ነው።

ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባር የሚናገረው በርዝመቱ ነው። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር በ1786 ባሳተመው አትላስ የአገሩን የወጪና የገቢ ንግድ በባሮች ሲሥል ያገኘው ትልቅ ነገር ይህ ነበር፤ ሰው ቁጥሩን ሳያነብ ርዝመቱን ብቻ አይቶ የቱ ይበልጣል የሚለውን ያውቃል። ይህ ጥቅሙ ነው፣ አደጋውም ይኸው ነው። ርዝመቱን ከግርጌው ከቆረጣችሁት ባሩ የሚናገረው ሌላ ነገር ይሆናል፤ ትክክለኛውን ቁጥር ከጎኑ ብትጽፉም ዓይን አስቀድሞ ፈርዷል። ኤድዋርድ ተፍቲ በ1983 ባወጣው መጽሐፍ ለዚህ ቀላል ስሌት ሰጥቷል። ሥዕሉ ያሳየውን ለውጥ በመረጃው ውስጥ ላለው ለውጥ ታካፍላላችሁ። ሐቀኛ ግራፍ 1 አካባቢ ይሰጣል። ተፍቲ ካነሣቸው ምሳሌዎች አንዱ ኒው ዮርክ ታይምስ በ1978 ያወጣው የመኪና ነዳጅ ቁጠባ ሥዕል ነው። በአንድ ጋሎን 18 ማይል የነበረው መለኪያ ወደ 27.5 ከፍ እንደሚል ለማሳየት የተሣሉት መስመሮች ልዩነቱን እጅግ አግዝፈውት ስሌቱ 14.8 ደርሷል። የእኔን ግራፍ አስልቼዋለሁ። ዓይን የሚያየው ልዩነት 175 በመቶ ነው፣ እውነተኛው 3.5። ሲካፈል 50 ይመጣል። ይህን ቁጥር ያገኘሁ ቀን ቴክኒሻኖቹን ነበር ያሰብሁት።

ስለዚህ ባር ከሣላችሁ ከዜሮ አስነሡት። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ግን አንድ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ትንሽ ልዩነት ትልቅ ትርጉም ሲኖረውስ? ሩጫ እናንሣ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ። በ2011 ኬንያዊው ጄፍሪ ሙታይ ቦስተን ላይ በ2:03:02 ገባ። በሴኮንድ ብንቆጥረው 7,439 እና 7,382 ነው፤ ከዜሮ በተነሡ ባሮች ብትሥሏቸው የትኛው እንደሚያጥር ለማየት ማስመሪያ ያስፈልጋችኋል። ይሁንና በዚያ ፍጥነት 57 ሴኮንድ ማለት ከ300 ሜትር በላይ ነው። ፊተኛው ሪባኑን በጥሶ ሲያልፍ ኋለኛው ገና አስፋልቱ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ልዩነት ዜሮ ውስጥ መደበቅም ሌላ ዓይነት ማሳሳት ነው።

መፍትሔው ነጥብ ነው። ነጥብ የሚናገረው በተቀመጠበት ቦታ እንጂ በርዝመቱ አይደለም፤ ስለዚህ ከ7,300 የሚነሣ መስመር ላይ ብታስቀምጡት አይዋሽም። ዊልያም ክሊቭላንድና ሮበርት ማክጊል በ1984 ሰዎች ግራፍ ሲያነቡ የት እንደሚሳሳቱ ያጠኑትን አሳትመው ነበር። በአንድ የጋራ መለኪያ ላይ ያለን ቦታ ማነጻጸር ከሁሉ ይቀልለናል፤ ርዝመት ይከተላል፤ ማዕዘንና ስፋት ላይ ስንደርስ በጣም እንስታለን። የዲስትሮዎችን ፍጥነት በተቆራረጠ ክብ ወይም ብርጭቆ በሚመስል ባለ ሦስት ገጽ ባር የሚያቀርብ ሰው አንባቢው ከሁሉ ደካማ በሆነበት በኩል እየመጣበት ነው።

የሙታይን ሩጫ ያነሣሁት ግን ለነጥቡ ብቻ አይደለም። ያ ሰዓት የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ አልተመዘገበም። በደንቡ መሠረት መነሻና መድረሻው ከሩጫው ርቀት ግማሽ በላይ መራራቅ የለባቸውም፣ ጎዳናውም በአማካይ በኪሎ ሜትር ከ1 ሜትር በላይ መውረድ የለበትም። የቦስተን ጎዳና ከአንድ ከተማ ተነሥቶ ሌላ ከተማ ይገባል፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው 140 ሜትር ያህል ይወርዳል፣ በዚያ ዕለት ደግሞ ነፋሱ ከኋላ ነበር። ማንም ሙታይ አልሮጠም አላለም። ሰዓቱ ትክክል ነው፣ ውድድሩንም አሸንፏል። ከበርሊኑ ሰዓት ጋር በአንድ ሰንጠረዥ አይገባም፣ ይኸው ነው። የአትሌቲክስ ሰዎች ይህን ጥንቃቄ ለአንድ ጥንድ እግር ካደረጉ፣ እኛ ሺህ ነገር ለሚፈራረቅበት ማሽን ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባል?

ወደ እኔ ላፕቶፕ እንመለስ። ሰማያዊውን የለካሁት ከምሳ መልስ ነው፤ ማሽኑ ለሁለት ሰዓት ጠፍቶ ቀዝቅዟል። እንደጨረሰ ዲስኩን አጥፍቼ ቀዩን ጫንሁ፣ ወዲያው ለካሁ። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ደርሶ ነበር። ፋኑ ይጮኻል። ከወራት በኋላ ለሌላ ጉዳይ የላፕቶፑን ሆድ ስከፍት፣ በፋኑና በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል አቧራ እንደ ጥጥ ተጋግሮ አገኘሁት፤ በፒንሴት ስስበው በአንድ ቁራጭ ነው የወጣው። ፕሮሰሰር ሙቀት ሲበዛበት ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቀዩ ዲስትሮ የሮጠው አፍንጫው በጥጥ ተወትፎ ነበር። 14ቱ ሴኮንድ የዲስትሮው ይሁኑ የአቧራው ማን ያውቃል? አንዱን እህል በቁልል ሌላውን በልሙጥ ሰፍሬ፣ በአንድ ቁና ነው የለካሁት ብዬ ቆሜያለሁ።

ሙቀቱ ቢስተካከል እንኳ ሌላ ይጠብቀናል። ሊኑክስ ፕሮሰሰሩ በምን ፍጥነት እንዲሠራ የሚወስን ገቨርነር የሚባል ክፍል አለው። አንዱ ዲስትሮ ኃይል ቆጣቢውን መርጦ ይመጣል፣ ሌላው ሙሉ ጉልበት የሚሰጠውን። ኢንቴል ከ2015 ጀምሮ ሲያዘጋጀው ቆይቶ በ2025 ያቆመው ክሊር ሊኑክስ በብዙ ንጽጽሮች ከፊት ይገኝ ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ ሙሉ ጉልበት የሚሰጠውን ገቨርነር መምረጡ ነው፤ ሌላው ፕሮግራሞቹን ለአዳዲስ ፕሮሰሰሮች ትእዛዛት አመቻችቶ ኮምፓይል ማድረጉ ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም። የሠሩት መሐንዲሶች አስበውበት፣ ደክመውበት ያመጡት ውጤት ነው። ሆኖም ገቨርነሩን በአንድ ትእዛዝ ኡቡንቱም ላይ መቀየር ይቻላል፤ ባትሪውን ለሚያስብ ሰው ደግሞ ኃይል ቆጣቢው ነው የሚበጀው። ባሩ ይህን አይነግረውም፤ ሠሪው ካልነገረው በቀር።

ከሁሉ አብልጦ የሚያስጨንቀኝ የዲስክ ጉዳይ ነው። ኤክስት3 የተባለው ፋይል ሲስተም የጽሑፍ ባሪየር የሚባለውን ጥበቃ በዋናው ከርነል ውስጥ ለረጅም ጊዜ በነባሪነት አያበራም ነበር። እሱን የተካው ኤክስት4 ግን ያበራል። ባሪየር ማለት፣ ዲስኩ በራሱ ጊዜያዊ ማኅደር ውስጥ የያዘውን በትክክለኛው ቅደም ተከተል ወደ ቋሚው ቦታ እንዲያሰፍር ማስገደድ ነው። ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ኤስኪውላይት በተባለው ዳታቤዝ ውስጥ ተራ በተራ መዝገብ የሚያስገባ ሙከራ ብታካሂዱ፣ ባሪየር የሌለው ሥርዓት ባለ ባሪየሩን በሰፊ ልዩነት ጥሎት ይሄዳል። ግራፉ ላይ አሸናፊው እሱ ነው። መብራት ድንገት በሚጠፋበት አገር የምንኖር ሰዎች ይህን በደንብ እንረዳዋለን፤ ያ ፈጣን ባር መብራቱ በጠፋበት ቅጽበት ጽፌያለሁ ያለውን ላያገኘው የሚችል ባር ነው። አንዱ ደረሰኝ ቆርጦ፣ ገንዘቡን ቆልፎ፣ ደብተሩን ሞልቶ ሲጨርስ ሌላው ገንዘቡን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ተነሥቷል። የሁለቱን ፍጥነት በአንድ ግራፍ አስቀምጦ ሥራቸው አንድ እንዳልነበር አለመናገር ጥንቁቁን መቅጣት ነው። ከ2018 ጥር ወዲህ ስፔክተርና ሜልትዳውን የተባሉት የፕሮሰሰር ቀዳዳዎች ሲታወቁ የመጡት መከላከያዎችም እንዲሁ ናቸው። ፍጥነት ያስከፍላሉ፣ ሊጠፉም ይችላሉ፤ ያጠፋ ሰው ግራፉ ላይ መጻፍ አለበት።

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄ እንለይ። አንደኛው፣ ዲስትሮዎቹን ገና ሲጫኑ ይዘውት በመጡት ሴቲንግ እንዳሉ ብንወስዳቸው የትኛው ይፈጥናል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከርነሉን፣ ኮምፓይለሩን፣ ፋይል ሲስተሙንና ገቨርነሩን አስተካክለን ብንለካቸው ምን ልዩነት ይቀራል የሚል ነው። ሁለቱም ትክክለኛ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው ምንም ሳይነካ ለሚጠቀም ሰው ይመልሳል፣ ሁለተኛው ምክንያቱን ለሚፈልግ። ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን ግን የመጀመሪያው ሙከራ ከሁለተኛው መደምደሚያ ጋር ነው። ዴቢያን የተረጋጋውን ቅጂ ለዓመታት በያዘው ከርነል ያቆያል፣ አርች በየጊዜው አዲሱን ይቀበላል። ሁለቱን ዛሬ ጎን ለጎን የለካ ሰው በዋናነት የለካው የሁለት ከርነሎችን ዕድሜ ሊሆን ይችላል። ርእሱን ግን «ዴቢያን ከአርች» ይለዋል።

ባር ጨርሶ ሊያሳየው የማይችለው ነገርም አለ። በ2025 የወጣው ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 10 በኢንቴልና በኤኤምዲ ማሽኖች ላይ ለመሥራት ኤቪኤክስ2 የተባሉትን ትእዛዛት የሚያውቅ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ኢንቴል እነዚህን ያመጣው በ2013 ነው። ከዚያ በፊት በተሠራ ላፕቶፕ የሚማር ተማሪ የቱንም ያህል የሚያምር ባር ብታሳዩት፣ በእሱ ማሽን ላይ ያ ዲስትሮ አይነሣም። ለእሱ ጥያቄው የፍጥነት አይደለም።

ከዚህ በላይ የሚረቅ ነገር ደግሞ ልጨምር። በ2009 ሚትኮቪችና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ፕሮግራም ምንም ሳይነኩ በሲስተሙ ውስጥ የሚቀመጡት የኢንቫይሮንመንት ቫሪየብሎች መጠን ብቻ ሲቀየር ፍጥነቱ ሲለዋወጥ አሳይተዋል። የተጠቃሚው ስም በጥቂት ፊደል መርዘሙ እንኳ ፕሮግራሙ በሜሞሪ ውስጥ የሚያርፍበትን ቦታ ሊያዛውር ይችላል። ይህን ካነበብሁ ወዲህ የሁለትና የሦስት በመቶ ልዩነት ይዞ ድል የሚያውጅ ሰው ሲገጥመኝ አስቀድሜ የምጠይቀው ስንት ጊዜ ለካኸው ብዬ ነው።

እኔ አንድ አንድ ጊዜ ነው የለካሁት። አንድ መለኪያ ስለ መዋዠቅ ምንም አይናገርም። አሥር ጊዜ ለኩ፣ ከዚያ አሥሩንም ነጥብ ሣሏቸው፤ አማካዩን ብቻ አትሣሉ። ፍራንሲስ አንስኮምብ በ1973 አራት የቁጥር ስብስቦችን አዘጋጅቶ ነበር። አማካያቸው አንድ ነው፣ ስርጭታቸውም ሆነ ዝምድናቸው በስሌት ሲታይ አንድ ነው፤ ሲሣሉ ግን አንዱ ቀጥ ያለ መስመር የሚከተል፣ አንዱ ቅስት፣ የቀሩት ሁለቱ በአንድ ባፈነገጠ ነጥብ የተጎተቱ ሆነው ይወጣሉ። በእኛም ሥራ እንዲሁ ነው። ዘጠኙ መለኪያዎች አንድ ላይ ሰፍረው አሥረኛው ርቆ ቢገኝ፣ ያን ጊዜ ከጀርባ አፕዴት እየወረደ ሊሆን ይችላል። አማካዩ ይውጠዋል፣ ነጥቡ ግን ያሳብቀዋል። ማይክል ላራቤል የመሠረተው የፎሮኒክስ መሞከሪያ፣ በ2008 የመጀመሪያ ቅጂው የወጣው፣ በዚህ በኩል ምስጋና ይገባዋል። ሙከራውን ይደጋግማል፣ ውጤቱ ሲበታተን ድግግሞሹን ይጨምራል፣ ከባሩ ሥር ስንት ጊዜ እንደተለካ ይጽፋል፣ ሲቀንስ ይሻላል ወይስ ሲጨምር የሚለውንም ያስቀምጣል፣ የከርነሉንና የኮምፓይለሩን ዝርዝር በሰንጠረዥ ያያይዛል። ችግሩ ግራፉን ቆርጦ የሚወስደው ሰው ሰንጠረዡን ጥሎት መሄዱ ነው። ስለዚህ ዋና ዋናው ሁኔታ ከሥዕሉ ጋር ተጣብቆ እንዲሄድ እዚያው ሥዕሉ ውስጥ ጻፉት።

አሁን ሰሌዳውን ልጠቀም። ብዙ ሙከራ አድርጋችሁ በመጨረሻ አንድ ቁጥር ስጡን ሲሏችሁ የሚመጣ ወጥመድ አለ። «ሀ» እና «ለ» የሚባሉ ዲስትሮዎች ይኑሩን። በመጀመሪያው ሙከራ ሀ 10 ሴኮንድ፣ ለ 20 ፈጀ። በሁለተኛው ሀ 100፣ ለ 50። ሀን መነሻ እናድርግ፤ ለ በመጀመሪያው 2 እጥፍ፣ በሁለተኛው 0.5 ነው። ሲደመር 2.5፣ ለሁለት ሲካፈል 1.25። ለ በ25 በመቶ ይዘገያል ማለት ነው። አሁን ለን መነሻ እናድርግ። ሀ በመጀመሪያው 0.5፣ በሁለተኛው 2። አማካዩ አሁንም 1.25። ሀ በ25 በመቶ ይዘገያል! ያው መረጃ ነው፣ አንድም ቁጥር አልተነካም፤ አሸናፊውን የመረጠው መነሻውን የመረጠው ሰው ነው። ፍሌሚንግና ዋላስ በ1986 ይህንኑ ጉዳይ አንሥተው፣ እንዲህ በመነሻ ለተካፈሉ ቁጥሮች የሚገባው ጂኦሜትሪክ አማካይ መሆኑን አስረድተዋል። ማባዛት፣ ከዚያ ሥሩን ማውጣት ነው። ሁለት በግማሽ ሲባዛ 1፣ ሥሩም 1። ከየትኛውም ወገን ብትነሡ እኩል ናቸው ይላል። ይሁን እንጂ ቀኑን ሙሉ ሁለተኛውን ዓይነት ሥራ ለሚሠራ ሰው ለ እጥፍ ፈጣን ነው፤ እኩል ናቸው የሚለው ማጠቃለያ ለእሱ አይረባውም። ስለዚህ ማጠቃለያው የየሙከራውን ውጤት አይተካም፤ ከሥሩ ይቀመጣል እንጂ። «ከ40 ሙከራ 23ቱን አሸነፈ» የሚለውን አቆጣጠር ግን ተዉት። በ0.2 በመቶ የተገኘን ብልጫና በእጥፍ የተገኘን ብልጫ እኩል አንድ አንድ ነጥብ ይሰጣቸዋል።

የቀሩትን ጥቃቅን በችኮላ ልለፍ። የሚቀንሱ ሴኮንዶችንና የሚጨምሩ ፍጥነቶችን በአንድ ሥዕል አትቀላቅሉ። አንድ ዲስትሮ በመጀመሪያው ግራፍ ሰማያዊ ከሆነ እስከ መጨረሻው ሰማያዊ ይሁን። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚያስቸግራቸው ሰዎች አሉ፤ ስሙን ከነጥቡ አጠገብ ጻፉላቸው። ያልተሳካ ሙከራ ካለ ቦታውን ባዶ አትተዉት፣ አልሠራም ብላችሁ ጻፉ።

ወደዚያ ሥልጠና ክፍል ልመለስና ላብቃ። ላፕቶፑን ካጸዳሁ በኋላ ሙከራውን ደገምሁት። ሁለቱን ዲስትሮዎች በሁለት ተመሳሳይ ዲስክ ላይ ጫንሁ፣ ገቨርነሩን አንድ አደረግሁ፣ መስኮቱን ዘጋሁ። አንዱን ለክቼ ማሽኑ ሩብ ሰዓት እስኪያርፍ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ሌላውን፤ በማግሥቱ ቅደም ተከተሉን እገለብጣለሁ። እያንዳንዱን አሥር ጊዜ። ግድግዳው ላይ አሁን የምትመለከቱት ሁለተኛው ሥዕል ያ ነው። ሃያ ነጥቦች፣ ሁለት ረድፍ። ሰማያዊዎቹ ከ396 እስከ 405 ሴኮንድ ተዘርግተዋል፣ ቀዮቹ ከ395 እስከ 406። ቀለሙን ባጠፋው የትኛው ረድፍ የማን እንደሆነ እኔ ራሴ አልለየውም።

ይህን ሥዕል ለእነዚያ ሁለት ቴክኒሻኖች ወስጄ አሳይቻቸዋለሁ። አንዳቸው ለረጅም ጊዜ ካየው በኋላ፣ «ታዲያ ያን ቅዳሜ ለምን ሠራነው?» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም፤ ይቅርታ ጠየቅሁት። ዛሬ ማታ ጥሬ ቁጥሮቹን፣ የከርነሉን ቅጂ፣ የክፍሉን ሙቀትና የየሙከራውን ሰዓት በሙሉ በዚህች ፍላሽ ይዤ መጥቻለሁ። ላፕቶፕ የያዛችሁ ቅዱና እዚሁ ሣሏቸው። እኔ ያላየሁትን ካያችሁ ሰሌዳው ክፍት ነው፣ ጠመኔውም እዚህ አለ።